ክዳኑን ያነሣሁበት ሳምንት

እሑድ

መሬቱ አይችልም ብዬ ልመለስ ነበር። ቀላል ውሸት ነው። በዚህ ዓመት ዝናብ የጎላን አፈር እንዴት እንደላቆጠ አለቃዬ ኢዳንም ያውቃል። «ክሬኑ ይሰምጣል» ብዬ ብነግረው «ቤሰደር፣ እሺ፣ ተመለስ» ይለኝ ነበር። ከዚያ ሥራውን ያዘዘችው ሴትዮ «መጀመሪያ ና እይው» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ካየሁት በኋላ መዋሸቱ አቃተኝ።

ዶልሜን ይሉታል። ጥቁር ድንጋዮች በጎንና በጎን ቆመዋል፤ በላያቸው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል። ሲወራ ይኸው ነው። አጠገቡ ሲቆሙ ግን ሌላ ነው። ክዳኑ ከእኔ መኪና ይረዝማል፣ ውፍረቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። ዙሪያው ሣር ነው። ላሞች ይግጣሉ፣ ቀይ አበባ ፈክቷል። ከመንገዱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው ያለው። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንድም ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም።

ሴትዮዋ ኖጋ ትባላለች። የጥንት ነገር እየቆፈረች የምታጠና ናት።

«ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ይሆነዋል» አለችኝ።

«ማን ሠራው?»

«ስማቸውን አናውቅም። ጽሑፍ አልተዉልንም።»

«እንዴት አድርገው አነሡት?»

ሳቀች። «በአፈር ክምር፣ በገመድ፣ በብዙ ሰው ጉልበት ይመስለናል። አንተ ብትሆን እንዴት ታነሣው ነበር?»

ጸጉሬ የሸበተው ክሬን ላይ ነው። የኮንክሪት ግድግዳ አንሥቻለሁ፣ የውሃ ታንከር አንሥቻለሁ፣ አንዴም የሰመጠ ጀልባ ከኪሾን ወንዝ አውጥቻለሁ። ዕቃ ሳይ ክብደቱ በእጄ ላይ ይመጣልኛል። ይህን ሳይ ግን እጄ ዝም አለ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከቆሙት ድንጋዮች አንዱ በዚህ ዝናብ ተሰንጥቋል። ክዳኑ ወደዚያ አዘንብሏል። ከተተወ ወደ ውስጥ ወድቆ ያለውን ሁሉ ያደቅቀዋል። ስለዚህ ክዳኑን አንሥቶ ጎን ማስቀመጥ፣ እነ ኖጋ ውስጡን እስኪያጠኑና የተሰነጠቀውን እስኪደግፉ መጠበቅ፣ ከዚያ ክዳኑን እንደነበረ መመለስ።

ውስጡ ምን አለ ብዬ አልጠየቅሁም። ራሷ ነገረችኝ። «ሰዎች አሉ» አለች። አጥንት አላለችም። ሰዎች።

እኔ የቤተ እስራኤል ቄስ ልጅ ነኝ። ይህን አልነገርኋትም። ነገ መልስ እሰጣለሁ ብዬ ወረድሁ።

ሰኞ

አባባን ሳጥባቸው ነገርኋቸው። ማታ ማታ የማጥባቸው እኔ ነኝ። እግራቸው ደክሟል፣ ሴት እንድታጥባቸው ግን አይፈቅዱም፤ ባለቤቴ ስንዱም ብትሆን፣ የልጅ ልጃቸው ሺራም ብትሆን።

ለምን እንደፈራሁ እዚህ ልጻፍ። በእኛ አገር፣ ጎንደር፣ ሬሳ ወይም መቃብር የነካ ሰው ይረክሳል። ከመንደር ዳር ባለች ጎጆ ሰባት ቀን ለብቻው ይቀመጣል፣ ማንንም አይነካም፣ ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ይመለሳል። እዚህ ሐይፋ አብዛኛው ሰው ትቶታል። አባባ አልተዉም። ቀብር ላይ እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው የሚጸልዩት። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም።

ጀርባቸውን እያሸሁ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«የማን ወገን ናቸው?» አሉ።

«አይታወቅም። ምናልባት ከአባታችን ከአብርሃምም በፊት የነበሩ ይሆናሉ ትላለች።»

ይህ ከበዳቸው።

«እኔ እኮ ከክሬኑ ላይ አልወርድም» አልሁ። «በእጄ አልነካውም። ብረቱ ነው የሚያነሣው።»

«ብረቱ በማን እጅ ነው የሚሄድ?»

«በእኔ።»

«እንግዲያ እጅህ ነው።»

አበቃ፣ አልሄድም ብዬ ፎጣውን አነሣሁ። ያን ጊዜ «አንተ ካልሄድህ ማንን ይልካሉ?» አሉኝ።

«አንድ ጎበዝ አለ። ፈጣን ነው። ሙዚቃ ከፍቶ ነው የሚሠራ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሚፈራ ሰው ያንሣቸው» አሉ። «ሂድ። ከሄድህ በኋላ ግን እስክትነጻ ድረስ አትነካኝም።»

ስንዱ ይህን ስትሰማ ምጣድ ላይ እንደተጣደ ሰው ሆነች። «እሳቸውን ማን ሊያጥባቸው ነው?» አባባ ከክፍላቸው ሆነው ሰሟት። «ራሴ እታጠባለሁ! ሕፃን ነኝ?» አሉ።

ማክሰኞ

ገና አሁን ገባሁ፤ መሽቷል። ቢሆንም ልጻፍ።

ማንጠልጠያውን የሚያስረው ሐሊል ነው። ሐይፋ ውስጥ ካለው የዐረቦች ሰፈር ከሃሊሳ ነው፣ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ስንሠራ በዓይን እንግባባለን። ሰፋፊ የጨርቅ ቀበቶዎች በክዳኑ ሥር አሳለፈ፤ ድንጋዩን እንዳይፍቁት በጆንያ ጠቀለላቸው። ዛሬ እሱም አልቀለደም። ሲጨርስ «ቢስሚላህ» አለ። እኔም በልቤ የራሴን አልሁ።

ቀስ ብዬ ሳብሁ። መጀመሪያ ምንም። ሞተሩ አጓራ፣ የክሬኑ ክንድ ጎበጥ አለ፣ ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። የማይነሣ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከዚያ በክዳኑና በግድግዳው መካከል ቀጭን መስመር ታየች። የጣት ያህል። የእጅ ያህል። ከውስጥ የእርጥብ አፈር ሽታ ወጣ፤ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ እንኳ ሸተተኝ። የተነሣው ክዳን ጥላውን ይዞ ሲሄድ ፀሐይ ከሥሩ ገባች። ፀሐይዋ እዚያ ገብታ የማታውቅ ነበረች፤ እኔ ነኝ ያስገባኋት።

መሐል አየር ላይ እያለ ነፋስ መጣ። ክዳኑ መዞር ጀመረ። አንዱ ቀበቶ ተንሸራተተ፣ ድንጋዩ በአንድ ጎኑ ዘመም አለ። ሐሊል ሁለት እጁን ዘርግቶ «ቁም!» አለ። ቆምሁ። ወደ ታች ባወርደው መቃብሩ ላይ ነው፣ ወደ ጎን ብወስደው ይወድቃል። እጄን ማንሻው ላይ አድርጌ ነፋሱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ላቤ በዓይኔ ገባ፤ አልጠረግሁትም። ነፋሱ አለፈ። ድንጋዩ ራሱን አስተካከለ። አዞርሁና በተደረደሩት ወፋፍራም እንጨቶች ላይ አስቀመጥሁት፤ እንደ አበባ።

ኖጋ በእንጨቶቹ መካከል በጀርባዋ ተኝታ ወደ ክዳኑ ሥር ገባች፤ ስንጥቅ እንዳለው ልታይ። ቆየች። ተሰበረ ብዬ ወርጄ ሮጥሁ።

«ፈንታ» አለችኝ። ፋንታ አላለችም። በሥራ ቦታ ሁሉም በለስላሳ መጠጡ ስም ነው የሚጠራኝ፤ እሷ ስሜን ጠይቃ ይዛ ነበር። «ግባና እይ።»

ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። የክዳኑ የታችኛው ፊት ከአፍንጫዬ በላይ ነበር። ጎድጓዳ ጎድጓዳ ነገሮች ሞልተውታል። ክብ፣ ለስላሳ፣ እንደ ትንሽ ጽዋ። ብዙ ናቸው። አንድ ሰው ድንጋይ በድንጋይ እየፈተገ የሠራቸው። ከላይ ቢሆን መንገደኛ ያየዋል። ይህ ግን ወደ ታች፣ ወደ ሙታኑ ፊት ነው የተሠራው። ክዳኑ ከተጋደመ በኋላ ሕያው ሰው ቀና ብሎ ሊያየው አይችልም። ለተኙት ብቻ ነው።

«እንዲህ ያለ ከሥር አይቼ አላውቅም» አለች ኖጋ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

እጄን አነሣሁ። ማንም አላስገደደኝም። መዳፌን በአንዱ ጎድጓዳ ውስጥ አደረግሁት። ልክ ሆነ። ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ ሰው ቆዳ ልስልስ ያለ ነው። አንድ እጅ እዚህ ቦታ ቀኑን ሙሉ ሲፈትግ ታየኝ። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደመጣ አላውቅም።

እንግዲህ በብረት አላመካኝም። በራሴ እጅ ነካሁ።

ረቡዕ

በጓሮ ባለችው ክፍል ነው ያደርሁት። መሣሪያዎቼን የማስቀምጥባት ናት። ስንዱ ፍራሽ አስገባችልኝ። ሺራ ቁርሴን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ራቅ ብላ ቆመች። «አባ፣ ኮሮና ተመለሰ እንዴ?» እያለች ሳቀች። ከሠራዊት ወጥታ ነርስነት ትማራለች፤ ለእሷ እርኩሰት ማለት ማይክሮብ ነው። አባባ በመስኮት «ደኅና አደርህ?» አሉኝ። «እግዜር ይመስገን» አልሁ። በመካከላችን መስታወት ነበር።

ዛሬ ሥራ ቦታው ላይ እኔ የማደርገው አልነበረም። ክሬኑን መጠበቅ ብቻ። ግን ዓይኔ ከጉድጓዱ አልነቀል አለ። እነ ኖጋ በብሩሽ፣ በማንኪያ፣ በቀርከሃ ስንጥር ነው የሚሠሩት። አፈሩን ሲያነሡት ሰው የሚያጥቡ ይመስላሉ።

አጥንቶች አሉ። አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ናቸው። በመካከል አንድ ሰው በጎኑ ተኝቷል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ። በግድግዳው ሥር ደግሞ የሌሎች አጥንት ተከምሯል። ሌባ የገባበት መስሎኝ አዘንሁ።

«አይደለም» አለች ኖጋ። «እይ፣ ራስ ቅሎቹ አንድ ላይ ናቸው። ረጃጅሞቹ አጥንቶችም አንድ ላይ። ሌባ አይደረድርም። ሰው ሲሞትባቸው በዚያች በጎን ባለችው በር ይገቡ ነበር። የቀድሞዎቹን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ያስጠጓቸዋል፣ ለአዲሱ ቦታ ይለቅቁለታል። ደግሞ ሌላ ሲሞት፣ ደግሞ እንዲሁ። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ።»

ይህን ነገር ቀኑን ሙሉ አሰላሰልሁት። እኔ ለዘለዓለም የተዘጋ ነገር የከፈትሁ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን እየመጡ ይከፍቱት ነበር። የአባታቸውን አጥንት በእጃቸው እያነሡ፣ «ትንሽ ጠጋ በሉልን፣ እናታችን መጣች» እያሉ። ቋንቋቸው ምን ነበር? እንዲህ ይባል ነበር በቋንቋቸው?

ሐሊል ዳቦውን ከፍሎ ሰጠኝ። «የአያቴ መቃብር የት እንዳለ አላውቅም» አለኝ፤ ሳልጠይቀው። እኔም የማላውቀው መቃብር አለኝ። አልነገርሁትም። ዳቦውን በላን።

ሐሙስ

አባባ ወደቁ።

ከሥራ ገብቼ ጓሮ ነበርሁ። ስንዱ ሥራ ላይ፣ ሺራ ትምህርት ቤት። የመታጠቢያው መስኮት ወደ ጓሮ ነው። የውሃ ድምፅ እሰማ ነበር፤ ከዚያ ዷ! የሚል። ከዚያ ውሃው ብቻ።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። ወለሉ ላይ ነበሩ፣ ራቁታቸውን፣ በጎናቸው፣ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ተሰብስቦ። ትናንት ያየሁትን አየሁ።

«አትንካኝ!» አሉ። ድምፃቸው ጠንካራ ነበር። «ሺራን ጥራ።»

«ሺራ የለችም፣ አባባ።»

«ጠብቃት።»

ውሃው ይወርድባቸዋል፤ ቀዝቃዛ ሆኗል። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። እጄን ዘርግቼ ቆምሁ። ወደ ፊት አልሄድ፣ ወደ ኋላ አልመለስ። ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ጠብቆት የኖረውን ነገር እኔ በአንድ ንክኪ ላፈርሰው ነው። ካልነካሁት ደግሞ በብርድ ሊሞት ነው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁና አነሣኋቸው።

እኔ ክብደት አውቃለሁ። አባቴ ምንም አይመዝኑም። ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት፤ አልተቆጡም። አልጋቸው ላይ አስተኝቼ በብርድ ልብስ ጠቀለልኋቸው። ሺራ ስትመጣ እግራቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ ራሳቸውን ነካክታ አየች። «ሳባ፣ እድለኛ ነህ፣ አልተሰበርህም» አለቻቸው፤ አያቷን በዕብራይስጥ እንዲህ ነው የምትጠራቸው። ዳሌያቸው ብቻ ጠቁሯል። ሐኪምም አይቷቸው ይህንኑ አለ።

ወደ ጓሮዬ ተመለስሁ።

ዓርብ

ሻይ እየጠጣሁ የክፍሌ በር ተከፈተ። አባባ ናቸው። በምርኩዛቸው፣ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው። ሺራ ከኋላቸው ትራስ ይዛ።

«እኔም እንግዲህ እዚህ ነኝ» አሉና ፍራሼ ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ እዚህ ይበርድዎታል።»

«ነክተኸኛል። አብረን እንቀመጣለን።»

ስንዱ መጥታ በሩ ላይ ቆማ እጇን በጉንጯ ላይ አደረገች። ሁለተኛ ፍራሽ አመጣች፣ ማሞቂያም አመጣች። ለሰንበት የሠራችውን በሁለት ሳሕን አድርጋ ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። የተቆጡ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ዓይን ዓይናቸውን ሳይ ነበር። አልተቆጡም። እንዲያውም ከገባን ወዲህ ከወትሮው የበለጠ በሉ።

ቅዳሜ

ሰንበት። ጸሎት ቤት አልሄድንም፤ እዚሁ በግዕዝ ጸለዩ፣ እኔም የማውቀውን ያህል ተከተልሁ። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ይመጣል።

ከጸሎት በኋላ «ንገረኝ» አሉኝ። ስለ ድንጋዩ ሁሉን ነገርኋቸው። ስለ ሽታው፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጎድጓዳዎቹ፣ ስለ ተደረደሩት አጥንቶች። እንደ ሕፃን እየደጋገሙ ጠየቁኝ።

«ወደ ግድግዳው ሲያስጠጓቸው አልሰበሯቸውም?»

«አልሰበሯቸውም። ራስ ከራስ ጋር ነው ያለው።»

«ስም አልተጻፈም?»

«የለም።»

«የእኛም አገር መቃብር ስም የለውም። ድንጋይ ነው የሚከመርበት። እየተመላለሱ ካስጠጓቸው ግን ይኼ መቃብር አይደለም። ቤታቸው ነው።»

ጢማቸውን ይዘው አሰቡ አሰቡና «ነገ ውሰደኝ» አሉ።

ደነገጥሁ። ቄስ ናቸው። እዚህ አገር ከመጣን ወደ መቃብር ቀርበው አያውቁም።

«ረክሻለሁ አልሁህ እኮ» አሉኝ። «ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ? ነጽቼ ሳለሁ የማልችለውን አሁን እችላለሁ።»

እሑድ

ወሰድኋቸው። መንገዱን ሙሉ ተራራውን ሲያዩ ነበር። ኖጋ አንድ ሽማግሌ ነጭ ጥምጥም አድርገው፣ ነጭ ልብስ ለብሰው ሲመጡ ስታይ ባርኔጣዋን አወለቀች። ማን እንደሆኑ ነገርኋት። «የፈለጉትን ያህል ይቆዩ» አለች። ሐሊል ወንበር አመጣላቸው። አልተቀመጡም።

አንድ ጄኔሬተር ይንቋቋ ነበር። «ይህን ዝም አሰኙልኝ» አሉ። ዝም ተሰኘ። ከዚያ በኋላ የላም ደወልና የሣር ድምፅ ብቻ ቀረ።

አባባ ወደ ጉድጓዱ ተጠግተው ወደ ታች አዩ። በመካከል የተኛውን አዩት፣ በግድግዳው ሥር ያሉትን አዩአቸው። እንደ እንግዳ፣ ደጅ ላይ ቆሞ ግባ እስኪሉት እንደሚጠብቅ ሰው ነበሩ። ከዚያ በግዕዝ ጀመሩ። የሙታን ጸሎት ነው። ስም የሚጠራበት ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ የሟቹን ስም ይጠራሉ። ዛሬ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ምን ሊሉ ነው ብዬ አየኋቸው። «አንተ ስማቸውን የምታውቅ» አሉ በአማርኛ፣ ቀጠሉ።

እነ ኖጋ ባሉበት ቆመው ነበር። አንዲት ቆፋሪ ልጅ ብሩሿን በደረቷ ይዛ ነበር። ሐሊል እጆቹን ከፍቶ ቆሟል። የማንኛችንም ጸሎት አንድ አይደለም፤ የማንኛችንም ዘመድ መሆናቸው አይታወቅም። ግን ሁላችንም ልጆቻቸው መስለን ቆምን።

ከጨረሱ በኋላ ክዳኑ ወዳለበት ወሰድኋቸው። በጀርባ መተኛት አይችሉም። ከጫፉ በኩል ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ ሥሩ አስገቡና ጎድጓዳውን ፈለጉ። አገኙት። እጃቸውን እዚያው አቆዩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እናትህን ሊነጋ ሲል ነው የቀበርናት» አሉ።

ስለ እናቴ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ወደ እዚህ አገር ለመምጣት በእግር ወደ ሱዳን ስንሄድ መንገድ ላይ ነው የሞተችው። እኔ ትንሽ ነበርሁ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የአንድ አህያ ጆሮ ብቻ ነው።

«በሁለት ድንጋይ መካከል አስተኛናት» አሉ። «አንድ ሰፊ ድንጋይ አገኘን። አራት ሆነን ተሸክመን ከላይዋ አደረግነው። አውሬ እንዳያገኛት። መንገድ መሪዎቹ ተነሡ፣ ሽፍታ አለ አሉን። ፀሐይ ሳትወጣ ሄድን። አልተቀመጥሁላትም። ሰባት ቀን የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረ። ውሃም አልነበረ፤ ያለችው ለልጆች መጠጫ ነበረች። እንዲሁ ሄድሁ። ሌሎችም ሞቱ፣ እነሱንም ቀበርሁ፣ ደግሞ ሄድሁ።»

እጄን ከእጃቸው አጠገብ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ አደረግሁት። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እዚያ ቆየን።

ሰኞ

ዛሬ ክዳኑን መለስሁት።

የተሰነጠቀው ድንጋይ ከኋላው በድንጋይና በኖራ ተደግፏል። አጥንቶቹ በነበሩበት እንዲቀሩ ተፈቅዷል። እነ ኖጋ አጥንተው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ጥቂት አፈርና አንድ የዶቃ ክር ብቻ ይዘው፣ ሌላውን በነበረበት መልሰው በለስላሳ አፈር ሸፈኑት። ኖጋ «አንተ ከመጫንህ በፊት» አለችኝና ሁላችንም አንድ አንድ እፍኝ አፈር ጨመርን።

ማንሣቱ ቀላል ነበር፤ ማስቀመጡ ነው ያስጨነቀኝ። ድሮ ያረፈበት ቦታ ድንጋዩ ላይ ምልክቱ ይታያል፣ ቀለሙ የተለየ ነው። እዚያ ላይ መቀመጥ አለበት። ሐሊል በጣቱ ምልክት ይሰጠኛል፤ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ ቁም። አንዴ አወረድሁ፤ አልተስማማም። ጥርስ እንደሚፋጭ ድምፅ አወጣ። አነሣሁት። ሁለተኛም አልሆነም። ኢዳን ደውሎ ስልኬ ጮኸ፤ አላነሣሁም። ሦስተኛ ሳወርደው ሐሊል እጁን ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አደረገ። አንድ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ከምድር ሥር የመጣ የሚመስል። ቀበቶዎቹ ላሉ። ብርሃኑ ከውስጥ ወጣ። ጎድጓዳዎቹ እንደገና የእነሱ ሆኑ።

ማንም አላጨበጨበም። ኖጋ መጥታ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አስደገፈች።

ማታ ለአባባ ስነግራቸው «ታዲያ ዛሬ ደግሞ ነካህ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ነው የሚቆጠር።»

ስንዱ ከደጅ ሆና ሰማች። «ደግሞ ሌላ ሰባት ቀን!» ብላ ጮኸች። «እርስዎስ ቢሆን፣ አባባ? እርስዎ አልነኩም ዛሬ።»

«እኔም ከእሱ ጋር እጨርሳለሁ» አሏት። ትሪውን አስቀምጣ እየሳቀች ሄደች።

ሰኞ፣ በሳምንቱ

ዛሬ ጠዋት ባሕር ወረድን። ሰፈራችን ክርያት ሐይም ለባሕሩ ቅርብ ነው፤ ግን አባባ ስንት ዓመታቸው ነው እግራቸውን ካላስነኩት። ሺራ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክማ ከኋላችን መጣች። ሰው አልነበረም፤ አንድ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ብቻ። ማዶ መርከቦች ቆመው ነበር።

ክንዳቸውን ይዤ ገባን። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። እስከ ወገባቸው ሲደርስ ቆሙ። ይፈራሉ ብዬ «ይበቃል፣ አባባ» አልሁ። አልሰሙኝም። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና ጎንበስ ብለው ጠለቁ። እኔም አብሬ ጠለቅሁ። ስንወጣ ጢማቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ዓይናቸው እንደ ልጅ ዓይን ሆኖ ነበር። ደግመው ጠለቁ።

ሺራ ፎጣ አልብሳቸው ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። እግራቸውን እያሸች «ሳባ፣ በረደህ?» አለቻቸው።

«አልበረደኝም።» ፎጣውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ አያትሽ ትርንጎ ትባል ነበር» አሏት።

ሺራ እጇ ቆመ። እኔንም አየችኝ። ስሟን ከእሳቸው አፍ ሰምተን አናውቅም ነበር፤ ሁለታችንም።

«ቁመቷ እንዳንቺ ነበር» አሉ። «ስትሄድ ትፈጥን ነበር። መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከፊት ነበረች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ተቀመጥሁላት አይደል፣ ፈንታ? አሁን ተቀምጬላታለሁ።»

«ተቀምጠውላታል፣ አባባ» አልሁ።

ቤት ገብተን የሞቀ ምሳ በሉ። በገበታው ላይ፣ ከእኛ ጋር፣ ሺራ ከጎናቸው፣ ስንዱ ከፊታቸው። አሁን ከሰዓት ነው። በራሳቸው አልጋ ላይ ናቸው፣ እንቅልፍ ግን አልወሰዳቸውም። ሺራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠይቃቸዋለች፤ ዕብራይስጥና አማርኛ እየደባለቀች። እሳቸው ይመልሳሉ። ስለ መንደሩ ወንዝ፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ስለ አንዲት ሰማያዊ ነጠላ። አንዳንዱን እኔም አላውቀውም። በሩ ክፍት ነው፤ ድምፃቸው እስከዚህ ይመጣል። ይህን መጻፍ ትቼ ልሂድ፣ እኔም ልስማ።